ስለ ደቃቅ አሻንጉሊቶችና ስለ ቤት ዕቃቸው

በአገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ዕቃቃ የተባለውን የልጆች ጨዋታ ያውቀዋል። ልጃገረዶች ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጣችውን ትንሽ ጀበናና ትንሽ ድስት ይዘው፣ ከጨርቅ ቁራጭ የተጠቀለለች አሻንጉሊት አዝለው፣ በአጥር ጥግ ጎጆ ቀይሰው ቤት የሚያስተዳድሩበት ጨዋታ ነው። አንዲቱ እናት፣ አንዲቱ ጎረቤት፣ አንዲቱ እንግዳ ትሆናለች፤ አፈሩ ዱቄት፣ ቅጠሉም ወጥ ይሆናል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንደሚባለው፣ ከዚህ ጨዋታ የሚበላ ነገር አይገኝም። ነገር ግን ቤት እንዴት እንደሚያዝ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉት፣ ዕቃም ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚመለስ ልጅ መጀመሪያ የሚለማመደው በዚሁ ስለ ሆነ፣ ጨዋታው ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም።

ይህን የመሰለ ጨዋታ በሌላውም ዓለም አለ። በአውሮጳና በኋላም በአሜሪካ ግን ነገሩ ከልጆች እጅ ወጥቶ የአዋቂዎች ሥራ ሆነ፤ ደቃቅ አሻንጉሊቶችን ከነልብሳቸው፣ ከነአልጋቸው፣ ከነምጣዳቸው እየሰበሰቡ በትንንሽ ቤቶች ውስጥ ማኖር ራሱን የቻለ ሙያ እስከ መሆን ደረሰ። ይህን የሚሰማ ሰው «ለአሻንጉሊት ይህን ያህል ገንዘብና ድካም ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልሱን በነቀፋ ወይም በምስጋና ብቻ ከመቸኮል፣ የሰበሰቡት ሰዎች ምን እንደ ሠሩ፣ ሥራቸውም ወዴት እንደ ደረሰ አስቀድመን ብንመለከት ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

በታሪክ ከሚታወቁት የአሻንጉሊት ቤቶች ቀዳሚው በጀርመን አገር የባቫሪያ መስፍን የነበረው አልብሬክት 5ኛ በ1557 እና በ1558 ዓ.ም. ያሠራው ነው። ቤቱ ልጆች እንዲጫወቱበት አልተሰጠም፤ መስፍኑ በሙኒክ ከተማ ብርቅ ዕቃዎቹን በሚያከማችበት ስፍራ ተቀመጠ እንጂ። በ1674 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ቤቱን እንዳልነበረ አደረገው። ዛሬ ስለዚህ ቤት የምናውቀውን የምናውቀው፣ በ1598 ዓ.ም. የመስፍኑን ንብረት የመዘገበ አንድ ጸሓፊ እያንዳንዱን ክፍልና ዕቃ በዝርዝር ጽፎ ስለ ተወልን ነው። ወርቁና ብሩ ሲጠፋ ወረቀቱ ተረፈ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዚያው በጀርመን አገር ኑረምበርግ የተባለችው ከተማ በእጅ ሥራ ጥበብ የታወቀች ነበረች። በ1631 ዓ.ም. አና ኮፈርሊን የምትባል የከተማይቱ ሴት ልዩ ልዩ ዕቃ የሞላበት ትልቅ የአሻንጉሊት ቤት አዘጋጅታ፣ የመግቢያ ዋጋ እያስከፈለች ለሕዝብ ታሳይ ነበር። ስለ ቤቱም የታተመ ወረቀት አወጣች። በዚያ ወረቀት ላይ የገለጠችው ዐሳብ፣ ልጆች ይህን ቤት እያዩ የቤት አያያዝን ሥርዐት እንዲማሩ ነው፤ ሁሉም ነገር በየስፍራው የተቀመጠበትን ቤት ያየ ልጅ፣ በኋላ የራሱን ቤት በሥርዐት ለመያዝ ይዘጋጃል የሚል ነው። የእርስዋም ቤት ዛሬ የለም፤ የታተመው ወረቀት ግን አለ። ከዚያው ዘመን በ1639 ዓ.ም. የተሠራ ሌላ ቤት በኑረምበርግ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ውስጥ እስካሁን ይገኛል። ያን ቤት የሚያይ ሰው የዚያን ዘመን ወጥ ቤት፣ የቤት ሠራተኛው የሚተኛበትን ክፍልና የፈረሱን ጋጥ ሳይቀር በዐይኑ ይመለከታል። ከነገሥታት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ድስትና ስለ መጥረጊያ የሚናገር እምብዛም አይገኝም፤ ይህን ያቆዩልን አሻንጉሊቶቹ ናቸው።

ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የገነነው ግን በሆላንድ አገር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የአምስተርዳም ነጋዴዎች ከሩቅ ምሥራቅ ጋር ባደረጉት ንግድ እጅግ ባለጠጎች ሆነው ነበር። የሐር ነጋዴ ሚስት የነበረችው ፔትሮኔላ ኦርትማን ከ1686 ዓ.ም. ገደማ ጀምራ እስከ 1710 ዓ.ም. ድረስ ያሰባሰበችው የአሻንጉሊት ቤት ዛሬ በአምስተርዳም ታላቁ ቤተ መዘክር ውስጥ አለ። ቤቱ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ፣ በኤሊ ቅርፊት ያጌጠ ቁም ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ 9 ክፍሎች አሉት። ታዲያ ዕቃዎቹ ሁሉ እውነተኛውን ዕቃ በሚሠሩት በእነዚያው ባለሙያዎች እጅና ከእነዚያው ማቴሪያሎች የተሠሩ ናቸው፤ ቅርጫት ሠሪው ቅርጫቱን፣ አንጥረኛው ብሩን፣ ሠዓሊው የግድግዳውን ሥዕል ሠርቷል፤ ስኒና ሳሕኑም ከምሥራቅ አገር የመጣ ሸክላ ነው። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከ20,000 እስከ 30,000 ጊልደር እንደሚደርስ ይገመታል። ይህ ገንዘብ በዚያን ጊዜ በአምስተርዳም ቦይ ዳር ሰው የሚኖርበትን እውነተኛ ቤት ለመግዛት የሚበቃ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስፈልጋል። ለአንድ ቤተሰብ መጠለያ የሚሆን ገንዘብ ሰው ለማይገባበት ቤት ወጣ። ይህ ከመጠን ያለፈ ነው የሚል ሰው ቢኖር ልንከራከረው አንችልም። በሌላ በኩል ግን፣ በዚያች ከተማ ለልብስ፣ ለግብዣና ለሠረገላ የወጣው ብዙ ገንዘብ ባለቤቶቹ ሲሞቱ አብሮ ሲጠፋ፣ የዚህች ሴት ቤት ከ300 ዓመት በኋላ ያ ሕዝብ እንዴት ይኖር እንደ ነበር ለልጅ ልጆቹ ያስተምራል። ደግሞ ያዕቆብ አፔል የሚባል ሠዓሊ በ1710 ዓ.ም. ገደማ ይህን ቤት ከነአሻንጉሊቶቹ ሥሎታል። በሥዕሉ ላይ የቤቱ ሰዎች በየክፍላቸው ይታያሉ፤ ዛሬ ግን ቤቱ ከነዕቃው ሲገኝ፣ በሥዕሉ ላይ ከሚታዩት አሻንጉሊቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ሥዕሉ ባይኖር ኖሮ የቤቱ ነዋሪዎች ምን ይመስሉ እንደ ነበር የሚነግረን አናገኝም ነበር።

ከእርስዋ በኋላ የተነሣችው ሳራ ሮቴ የምትባለው የአምስተርዳም ነጋዴ ሚስት ደግሞ ሌላ ትምህርት ትታልናለች። ይህች ሴት በ1743 ዓ.ም. ሌሎች ሰዎች የሰበሰቧቸውን ሦስት አሮጌ የአሻንጉሊት ቤቶች በሐራጅ ገዛች። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የደከሙበት ስብስብ ገበያ ላይ የወጣ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሳራ ሮቴ ከሦስቱ ቤቶች ዕቃውን አውጥታ፣ የተሰበረውን አስጠግና፣ የጎደለውን በእጅዋ ሰፍታና ጠልፋ፣ በአዲስ ቁም ሣጥን ሁለት ቤቶች አድርጋ አቆመቻቸው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በእጅዋ የጻፈችው መዝገብ ነው፤ የትኛው ዕቃ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተከፈለበት፣ ማን እንደ ሠራውና እንደ ጠገነው በዝርዝር አሰፈረች። ዛሬ አንዱ ቤትዋ በሃርለም፣ ሁለተኛው በሄግ ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሌሎች ሰብሳቢዎች ዕቃውን ብቻ ሲያወርሱ እርስዋ ዕቃውን ከነታሪኩ ስላወረሰች፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም መዝገቡን እየገለጡ ይመረምራሉ።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ከሁሉ የታወቀው የእንግሊዝ ንግሥት የሜሪ የአሻንጉሊት ቤት ነው። ልዕልት ማሪ ሉዊዝ ዐሳቡን አመንጭታ፣ ሰር ኤድዊን ላትየንስ የተባለው ታላቅ የሕንፃ መሐንዲስ ንድፉን አውጥቶ፣ ከ1921 እስከ 1924 ዓ.ም. ተሠራ። በሥራው ላይ የተባበሩት ሠዓሊዎች፣ ደራስያንና የእጅ ባለሙያዎች 1,500 ያህል ናቸው። በዚህ ቤት የኤሌክትሪክ መብራት ይበራል፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፤ አሳንሰሩ ይወጣል ይወርዳል፤ በምድር ቤቱ ያሉት ጥቃቅን ጠርሙሶችም እውነተኛ ወይን ጠጅ ተሞልቶባቸዋል። በቤተ መጻሕፍቱ የታወቁ ደራስያን በእጃቸው የጻፏቸው እጅግ ትንንሽ መጻሕፍት አሉ፤ አርተር ኮናን ዶይልም ስለ ሼርሎክ ሆምስ አጭር ታሪክ ጽፎ ሰጥቷል። በርናርድ ሾው ግን ተለምኖ እንቢ ማለቱ ይታወቃል። ቤቱ በ1924 ዓ.ም. በዌምብሊ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ ከ1,600,000 የሚበልጥ ሕዝብ ጎበኘው፤ ከተመልካቾች የተገኘውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ዋለ። አሁን የሚገኘው በዊንዘር ግንብ ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህ ቤት በንግሥት ስም የተሠራ ቢሆንም ለድኾች መርጃ ያስገኘ መሆኑን ስናስብ፣ ጥያቄው የዕቃው ትንሽነት ወይም ውድነት ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ምን ሊያደርግበት ዐስቦ ነው የሚል ይሆናል።

በአሜሪካ የተነሡ ሁለት ሴቶች ደግሞ ይህንኑ ሙያ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ ወስደውታል። ናርሲሳ ቶርን የምትባለው የቺካጎ ሴት ከ1932 እስከ 1940 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአውሮጳና በአሜሪካ የልዩ ልዩ ዘመናት የቤት አሠራር የሚታይባቸው ደቃቅ ክፍሎች አሠርታ፣ 68ቱ ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ጊዜው ሥራ የጠፋበት የችግር ዘመን ስለ ነበረ፣ የእጅ ባለሙያዎች በእርስዋ ዘንድ ሥራ አግኝተው ኖረዋል። በክፍሎቹ ውስጥ አሻንጉሊት የለም፤ ነገር ግን ወንበር ላይ የተተወ መነጽር፣ የተገለጠ መጽሐፍ፣ የተጀመረ ጥልፍ ይታያል። ተመልካቹ የቤቱ ሰው አሁን ተነሥቶ የወጣ ይመስለዋል።

ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ የምትባለው ሁለተኛይቱ ሴት ግን ሰው የማይጠብቀውን ሥራ ሠርታለች። ይህች ሴት የአሟሟት ምክንያት በሚገባ ሳይመረመር ሰው እንደሚቀበርና ወንጀለኛም እንደሚያመልጥ አይታ፣ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፍርድ ሕክምና ትምህርት እንዲቋቋም በገንዘብዋ ረዳች። ከዚያም በ1940ዎቹ ዓመታት ሰው ሞቶ የተገኘባቸውን ቤቶች በደቃቅ መጠን ሠርታ፣ በየክፍሉ ሬሳውን የሚያሳይ አሻንጉሊት አኖረች። የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ በስፌት መርፌ ቀጭንነት ባለው መርፌ ትሠራ ነበር፤ የሬሳውን የቆዳ መልክ መለወጥ፣ የበሩን አዘጋግ፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ አቀማመጥ ሁሉ ለምርመራ ምልክት እንዲሆን በጥንቃቄ ታዘጋጅ ነበር። ፖሊሶች በእነዚህ ቤቶች ፊት ቆመው ነገርን አስተውሎ ማየትን ይማሩ ነበር፤ 18ቱ ዛሬ በባልቲሞር ከተማ ይገኛሉ። በጨዋታ ዕቃ የተጀመረው ነገር የሙት ፍርድ እንዳይጐድል፣ ንጹሑም ሰው በከንቱ እንዳይከሰስ መርጃ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ስለ ሙያው ጥቂት እንናገር። ደቃቅ አሻንጉሊት ለሚሰበስብ ሰው የመጀመሪያው ነገር መጠን ነው። በብዙዎች ዘንድ የተለመደው መጠን ከዐሥራ ሁለት አንድ ነው፤ ይህም ከእንግሊዞች አለካክ የመጣ ሲሆን፣ በእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ የሆነው በአሻንጉሊቱ ቤት አንድ ኢንች ይሆናል። በዚህ ስሌት 168 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው 14 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አሻንጉሊት ይሆናል። በእኛ ቤት ብንለካው 54 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጀራ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ 24 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጀበና 2 ሳንቲ ሜትር፣ 6 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ስኒም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሰብሳቢው አንዱን ዕቃ በዚህ፣ ሌላውን በሌላ መጠን ከቀላቀለ ግን እናትየዋ ከልጅዋ አንሳ፣ ስኒውም ከጀበናው በልጦ ስለሚታይ ዐይን ወዲያው ይጠላዋል።

ነገር ግን ቁመት በ12 ሲቀነስ ሁሉ ነገር እኩል የሚቀነስ እንዳይመስለን። የላይ ስፋቱ በ144፣ ክብደቱ ደግሞ በ1,728 እጅ ያንሳል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ጀበና በዚህ መጠን ቢሠራ ከግማሽ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። የአሻንጉሊት ቀሚስ እንደ ሰው ቀሚስ ረግቶ የማይወርደው ስለዚህ ነው፤ ጨርቁ ውፍረቱ እንዳለ ሆኖ ወደ ታች የሚስበው ክብደት ይጠፋል። ከተራ ነጠላ ቁራጭ የተቀደደ ልብስ በአሻንጉሊት ላይ እንደ ብርድ ልብስ ቆሞ ይቀራል፤ የልብስ ባለሙያዎች እጅግ የሳሳ አሮጌ ጨርቅ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው። ውሃም እንደዚሁ ነው፤ ጠብታው በእኛ ፈቃድ አያንስምና በትንሽዋ ስኒ ውስጥ ሲፈስ እንደ ትልቅ እንክብል ይቆማል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የስፋትንና የይዘትን ሒሳብ ሲማሩ ይህን በእጃቸው ቢያዩት፣ በሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ይልቅ አይረሱትም ነበር።

ይህ ሁሉ የባለጠጎች ሥራ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ደግሞ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከ1850 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1920 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ፋብሪካዎች ከነጭ ሸክላ የሚሠሩ፣ እጅና እግራቸው የማይንቀሳቀስ፣ ወጥ የሆኑ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ቁመታቸው ከአንድ የጣት አንጓ አይበልጥም፤ ዋጋቸውም እጅግ ርካሽ ስለ ነበረ የድኻ ልጅ በሳንቲም ይገዛቸው ነበር። ልብስ የሚሰፉላቸው ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ እነዚያ አሻንጉሊቶች በአሮጌ ቤቶች መሬት ሲቈፈር ይገኛሉ፤ ሰብሳቢዎችም ይፈልጓቸዋል። ስለዚህ የስብስብ ክብር በዋጋው ብቻ የሚለካ አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች የግድ ሊያውቁት የሚገባ አደጋ አለ፤ ይህን በቸልታ ማለፍ አይገባንም። ደቃቅ ዕቃ ሁሉ ለሕፃን ጕሮሮ ልክ ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ይወስዳልና፣ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የአፍ ስፋት ባለው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ትንፋሹን ሊዘጋ ይችላል። በአሁን ጊዜ ለአሻንጉሊት ቤት በሚሸጡት መብራቶች ውስጥ ያለችው ክብ እንደ ቍልፍ ያለች ትንሽ ባትሪ ከሁሉ የከፋች ናት፤ ሕፃን ቢውጣትና በጕሮሮው ብትያዝ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ልጁ እንደ ዋጣት የተጠረጠረ እንደ ሆነ፣ ሲያስለው ወይም ሲያለቅስ እስኪታይ ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የጥንት መጫወቻዎችም በእርሳስ የተሠሩ ወይም እርሳስ ባለበት ቀለም የተቀቡ ስለሚሆኑ፣ በመስተዋት ውስጥ ይታዩ እንጂ ለሕፃን አይሰጡ። ሴሉሎይድ ከተባለው ነገር የተሠሩ አሮጌ አሻንጉሊቶች ደግሞ ቶሎ በእሳት የሚያያዙ ናቸውና ከሻማና ከምድጃ ይራቁ።

ስለ አያያዙም ጥቂት ምክር እንስጥ። የፀሐይ ብርሃን የሐርን ቀለም ያጠፋል፤ ሙቀት የሰም ፊት ያላቸውን አሻንጉሊቶች ያለሰልሳል፤ እርጥበት ብረትን ያዝጋል፤ ብልም የሱፍ ልብስን ይበላል። ስለዚህ ስብስቡ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ፣ አቧራ በማያስገባ መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ቢቀመጥ መልካም ነው። አቧራውን ለስላሳ ቡርሽ ያነሣዋል፤ ውሃ ያስፈልገዋል ብሎ መቸኰል ግን አሮጌውን ቀለም ያጥባል። የተሰበረውን በማይለቅ ማጣበቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ስባሪውን በወረቀት ጠቅልሎ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ማቆየት ይሻላል።

ከአገራችንም አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከጀበናና ከድስት ጋርም የሰውና የእንስሳ መልክ ያላቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ስለ ነበረ፣ ምስሎቹ ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ ብዙ አገር ደርሰዋል። በ1984፣ በ1985 እና በ1991 ዓ.ም. አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ወደ እስራኤል ሲሄድ ሙያው አብሮ ተጓዘ፤ በዚያም አገር ከሴቶቹ አንዳንዶቹ የሸክላ ምስል መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ከእነዚህ ምስሎች አንዱ በመደርደሪያው ላይ ያለው ሰው ቢኖር፣ ዕቃው የተሰበረች ሸክላ ብቻ እንዳይሆንበት ማን እንደ ሠራው፣ በየት ስፍራና በምን ዘመን እንደ ተገዛ ከሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ። ዛሬ ከገበያ የሚገዛም ሰው ሸክላ ሠሪዋን ስምዋን ቢጠይቃት፣ ከዋጋው ጋር ክብርዋን ከፈላት ማለት ነው።

በቤታችን ውስጥ ይህ ሥራ የሚያስነሣው ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእሳትና ከብል አይደለም፤ ከልጆች ነው። እናት ወይም አክስት ብዙ ዓመት የሰበሰበችው ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ተቆልፎ ሳለ፣ ልጅቱ አፍንጫዋን በመስተዋቱ ላይ አስደግፋ ታያለች። «አትንኪ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚያስተምረው ዕቃ ከሰው እንደሚበልጥ ነው። ሁሉን ከፍቶ መስጠትም ዕቃውን ማጥፋት ነው። ስለዚህ መካከለኛው መንገድ የተሻለ ሆኖ ይታየናል። አሮጌውና ተሰባሪው በመስተዋት ውስጥ ይቀመጥ፤ ለልጅቱ ግን የራስዋ የሆነ፣ ብትሰብረው የማያሳዝን፣ የእንጨት ሣጥን ቤት ይሰጣት። የክብሪት ቀፎ አልጋ፣ የቆርኪ ክዳን ድስት፣ የጨርቅ ቁራጭ ምንጣፍ ይሆናል። መርፌ መያዝ የምትችል እንደ ሆነ ለአሻንጉሊትዋ ቀሚስ ትስፋ፤ ወንድሟም እንጨት ቈርጦ ወንበር ይሥራላት፤ ቤት ማደራጀት የሴት ልጅ ድርሻ ብቻ አይደለምና። በወር አንድ ቀን ደግሞ ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ አንድ አንዱ ዕቃ እየተነሣ ታሪኩ ይነገራቸው።

ገንዘቡንም በሚመለከት ግልጽ የሆነ ወሰን ያስፈልጋል። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የታመመ ዘመድ መድኀኒት ሳይከፈል የተገዛ አሻንጉሊት፣ ምንም ያህል ቢያምር ለቤቱ ሰላም አያመጣም። ባልና ሚስት በዓመት ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ አስቀድመው ተማክረው ቢወስኑ፣ ዕቃው ተደብቆ የሚገባበት፣ ዋጋውም ተቀንሶ የሚነገርበት ቤት አይሆንም።

በመጨረሻም ስለ ውርስ እንናገር። የሳራ ሮቴ ሦስት ቤቶች በሐራጅ የተገዙ መሆናቸውን አይተናል፤ ስብስብ ባለቤቱ ሲሞት የሚበተንበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ወራሾቹ ክፉ ስለ ሆኑ ሳይሆን ምን እንደ ወረሱ ስለማያውቁ ነው። የማያውቁትን ዕቃ ሰው በሣጥን ጠቅልሎ ይሸጠዋል፤ ወይም ይጥለዋል። ስለዚህ ስብስብ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ተራ ደብተር ገዝቶ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቍጥር ይስጥ። ከቍጥሩ ቀጥሎ የዕቃውን ስም፣ የተሠራበትን ነገር፣ የሠሪውን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ የተከፈለውን ዋጋና የሰጠውን ሰው ይጻፍ። ይህንኑ ቍጥር በትንሽ ወረቀት ጽፎ በክር ከዕቃው ጋር ይሰር፤ በዕቃው ላይ ግን በቀለም አይጻፍበት። ፎቶግራፍም ይጨመርበት። ከዚያም ስብስቡ ለማን እንዲደርስ እንደሚፈልግ፣ ተቀባዩም ሳይሰማ እንዳይቀር በሕይወቱ ሳለ ይንገረው። የተቀባዩ ፈቃድ ከሌለበት ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ መዘክር ማስረከብ ይቻላል፤ እነርሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ደብተሩን ነው።

ደብተሩን ደግሞ አረጋውያን እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ቶሎ መጀመር ይገባል። አያት በልጅነትዋ የጨርቅ አሻንጉሊት እንዴት ትጠቀልል እንደ ነበር፣ ፀጕሩን ከምን እንደምታደርገው፣ የዕቃቃ ጀበናዋንም ማን እንደ ሠራላት ብትጠየቅ በደስታ ትናገራለች፤ እጅዋም ቢፈቅድላት አንድ ትሠራ ይሆናል። ያችን አሻንጉሊት ተቀብሎ፣ ቍጥር 1 ብሎ፣ የሠሪዋን ሙሉ ስምና የተወለደችበትን አገር በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጽፍ የልጅ ልጅ በየቤቱ ይገኛልና፣ ወላጆች ደብተሩንና እርሳሱን ያቅርቡለት።